ህሊና ወደ ገበታ የተመለሰችበት ዓመት

ሚዛን ተፈሪ ውስጥ ከቡና ጋር የሚሠራ ሰው ህሊናን በምላሷ ያውቃታል። ምላሰኛ ሆና አይደለም፤ እንዲያውም ካልጠየቋት የማትናገር ልጅ ናት። ሥራዋ ቡና መቅመስ ስለሆነ ነው። ከሸዋ ቤንች፣ ከሸኮ፣ ከቴፒ ዙሪያ የሚሰበሰበው ቡና ገበያ ከመውጣቱ በፊት ናሙናው ተቆልቶና ተፈጭቶ በነጭ ስኒ ይደረደርላታል። በማንኪያ ጨልፋ ጮክ ባለ ድምፅ ትስበዋለች፤ አፏ ውስጥ አንከባልላ ትተፋዋለች። ከዚያ ትፈርዳለች። ይኼ ሲታጠብ ውኃ ውስጥ ቆይቶ ኮምጥጧል። ይኼ መሬት ላይ ነው የደረቀው፣ አፈር አፈር ይላል። ይኼኛው ግን ንጹሕ ነው፤ ባለቤቱን እጅህ ይባረክ በሉልኝ።

የቅምሻ ክፍሉ ኃላፊ ጋሽ ባምላኩ የቤንች ተወላጅ ናቸው። ሃያ ዓመት ሙሉ ከስኒ ፊት ሳይርቁ ኖረዋል። "እኔ ሦስቴ ቀምሼ የምደርስበትን ይቺ ልጅ አሽትታ ብቻ ታገኘዋለች" ሲሉ ማንም ማጋነን ነው አይላቸውም ነበር። ህሊና ያኔ ሃያ አራት ዓመቷ ነው።

አያቷ ከወሎ ተነሥተው ማጂ የሰፈሩ ሰው ናቸው። እናቷ ወይዘሮ አስካለች ማጂ ተወልደው ሚዛን ያስተማሩ፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ ክፍል ጸጥ የሚያሰኙ መምህርት ናቸው። አባቷ አቶ አለሙ እሷ ዘጠነኛ ክፍል ሳለች በድንገት ታመው ሞቱ። ከዚያ ወዲህ እናትና ልጅ ብቻ ቀሩ። ህሊና እናቷን ላለማስጨነቅ ስትል አድርጊ የተባለችውን ሁሉ፣ ያልተባለችውንም ጨምራ አደረገች። ክፍል ውስጥ አንደኛ፣ ቤት ውስጥ ጭምት ሆነች። አንድ ጥያቄ ከሳተች ሳምንት ሙሉ ራሷን ስትወቅስ ትከርማለች። ሰው ጨዋነት ይለው ነበር። ከጨዋነቱ ሥር ያለውን ፍርሃት ያየ አልነበረም።

በጥር ወር ጓደኛዋ ማራናታ ስታገባ ህሊና ሚዜ ሆነች። ቀሚሱ ሲለካ ዚፑ ወገቧ ላይ ሲደርስ አልዘጋ አለ። ልብስ ሰፊዋ ሳቅ ብላ፣ "ሥራው ተስማምቶሻል ማለት ነው የኔ እመቤት!" አለቻት። ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ሳቁ። ህሊናም አብራ ሳቀች። ቀሚሱ ሰፋ፤ ሰርጉም አማረ። የሳቀው ሁሉ የሳቀበትን ረሳ፤ ህሊና ግን አልረሳችም።

ብዙም ሳይቆይ ሁዳዴ ገባ። ህሊና ከልጅነቷ ጀምሮ ጾመኛ ናት፤ በዚያ ዓመት ግን የምትፈታበትን ሰዓት በየሳምንቱ ታራዝመው ጀመር። ስትፈታም የምትቀምሰው የወፍ ያህል ነው። ሰውነቷ ቀጠን ሲል መንገድ ላይ ያገኛት ሁሉ፣ "አማረብሽ! ምን አድርገሽ ነው?" ይላታል። ይህ ቃል ከዚያ በፊት በማታውቀው ደስታ ደስ ያሰኛታል። ባዶ ሆዷ ሲጮህ ፈተና ላይ መቶ ያገኘች ያህል ይሰማት ጀመር። አባቷን ሞት ሲወስድባት ምንም ማድረግ አልቻለችም። ይህን ግን ትችላለች። አልበላም ካለች አትበላም፤ በዚህ የሚያሸንፋት የለም።

ፋሲካ መጣ። ቤቱ ዶሮ ዶሮ ሸተተ። "ሆዴን አሞኛል እማ" ብላ ተነሣች። በማግሥቱም አመማት። ከዚያ በኋላ ጾሙ አለቀ፤ የእሷ ግን አላለቀም።

ክረምቱ ሲገባ ሙገሳው ወደ ጥያቄ ተለወጠ። "ምነው ከሳሽ?" "ምን ሆነሽ ነው?" ሌላው ሰው በእርጥቡ ሙቀት ላቡ ሲንቆረቆር እሷ ሹራብ ደርባ ጣቶቿን ታፍተለትላለች። ፀጉሯ ማበጠሪያውን እየሞላ ይወጣል፤ ክንዷ ላይ ደግሞ የሕፃን የመሰለ ስስ ጠጉር በቀለ። የወር አበባዋ ከሰኔ ጀምሮ ቀረ፤ ለማንም አልተናገረችም። ደረጃ ስትወጣ ዓይኗ ይጨልማል። ወንበር ላይ ስትቀመጥ አጥንቷ ይቆረቁራታል። መስታወት ፊት ስትቆም ግን የምታየው ያቺኑ ዚፕ ያልዘጋላትን ልጅ ነበር። አስመስላ አይደለም። እውነትም የሚታያት እንደዚያ ነው።

የሚገርመው ደግሞ ምግብ ከሐሳቧ ውልፍት አለማለቱ ነው። ገበያ ወርዳ ጎደሬውን፣ አቮካዶውን፣ ሙዙን መርጣ ትገዛለች። ወጥ ሠርታ እናቷ ፊት አቅርባ፣ "ጨምሪ እንጂ እማ፣ ምነው ተውሽው?" ትላለች። ጉርሻውን እስከ መጨረሻው በዓይኗ ትከተላለች። እሷ ግን ሁልጊዜ አሁን የበላች፣ መሥሪያ ቤት የበላች፣ በኋላ የምትበላ ነች።

በኅዳር አዲሱ ምርት መግባት ጀመረ። አንድ ጠዋት አሥር ናሙና ተደርድሮ አራት ቀማሾች ጠረጴዛውን ከበቡ። ሁሉም ቀምሰው ሲጨርሱ ጋሽ ባምላኩ ዞር ብለው፣ "ህሊና፣ ሰባተኛውን እንዴት አየሽው?" አሏት።

"ጥሩ ነው ጋሼ። ንጹሕ ነው።"

አንዱ ቀማሽ አንገቱን ደፋ።

"እስቲ ድገሚው።"

ደገመችው። "ንጹሕ ነው" አለች፣ አሁን ግን ድምፏ ራሷን አልመሰላትም።

ጋሽ ባምላኩ ሌሎቹ እስኪወጡ ጠብቀው ወንበር ስበው አጠገቧ ተቀመጡ። "ልጄ፣ ያ ስኒ ተበላሽቷል። ኮምጥጦ ከበሩ ጀምሮ ይሸታል። ምላስሽ ምን ሆነ?"

"ጉንፋን ይዞኝ ነው።"

"ጉንፋን ዓመት ይቆያል እንዴ? ስትበዪ ካየሁሽ ዓመት ሊሆነኝ ነው።" ከቦርሳቸው አንድ ሙዝ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። "በይ ይቺን ብዪና ልሂድልሽ።"

ህሊና ሙዙን አየችው። እጇ አልታዘዝ አላት። ሙዝ እኮ ነው! የሁለት ዓመት ሕፃን የሚበላው ሙዝ! እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ጋሽ ባምላኩ አልተቆጡም። ሙዙን ወደ ቦርሳቸው መልሰው፣ "ይኼ የጉንፋን ነገር አይደለም" አሉና ለእናቷ ደወሉ።

ቤቷ ስትደርስ ህሊና ቀጥታ ወደ ማድ ቤት ገባች። ጨው ቆንጥራ ምላሷ ላይ አደረገች። ጨው መሆኑን ያወቀችው በዓይኗ ስላየችው ብቻ ነበር። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈራች። እስከዚያ ድረስ ያሸነፈች ሲመስላት ነበር የኖረችው። አሁን ግን ያ ድል የመሰላት ነገር ከእጇ እየወሰደባት እንደነበር ገባት፤ ሊያውም የራሷ የምትለውን አንድ ነገር።

ወይዘሮ አስካለች ልጃቸውን ይዘው ያልሄዱበት ክሊኒክ አልቀረም። ታይፎይድ ነው ተባለ፤ መድኃኒት ወሰደች፤ ምንም። የሆድ ትል ተባለ። የሳንባ ምርመራ ተደረገላት፤ ደሟ ተመረመረ፤ ምንም የለባትም ተባለ። ጎረቤት ደግሞ ዓይን ነው አለ። በመጨረሻ እናት የንስሐ አባታቸው ቀሲስ ዳንኤል ዘንድ ልጃቸውን ይዘው ሄዱ። ጠበል እንድትጀምር ፈልገው ነው።

ቀሲስ ዳንኤል ህሊናን አዩዋት። ከዚያ፣ "ወይዘሮ አስካለች፣ ለትንሽ ጊዜ ለብቻችን ይተዉን" አሏቸው። እናት ወደ ደጀ ሰላሙ ራቅ አሉ።

"ልጄ፣ ጾም ላይ ነሽ?"

"አዎ አባ። የነቢያት ጾም ስለሆነ..."

"በሐምሌስ? በሐምሌ የማን ጾም ነበር?"

ህሊና የነጠላዋን ጫፍ ትጠቀልላለች።

"ለእግዚአብሔር የሚጾም ሰው የሚፈታበት ሰዓት አለው፤ ሲፈታም ያመሰግናል። አንቺ ስትፈቺ ትፈሪያለሽ። ይኼ ጾም አይደለም፤ ሌላ ነገር ነው።"

"ማቆም አቃተኝ" አለች ህሊና። ለሰው ስትናገረው የመጀመሪያዋ ነበር። "መብላት እፈልጋለሁ አባ፤ እምልልዎታለሁ እፈልጋለሁ። ግን አቃተኝ።"

ቀሲስ እናትን ጠሩ። "ጠበል የሚጠመቁት ባዶ ሆድ ነው። ይቺ ልጅ ደግሞ ባዶ ሆድ ሞልቷታል። ጠበሉ የትም አይሄድም። መጀመሪያ ሆስፒታል ይውሰዱልኝ፤ ዛሬውኑ።"

ሆስፒታል ውስጥ የመረመራት ሐኪም የልቧን ምት ሲቆጥር ፊቱ ተለወጠ። በጣም ዘገምተኛ ነበር። ወዲያው አልጋ ሰጧት። በማግሥቱ የአእምሮ ጤና ነርሷ ሲስተር ፀደንያ መጣች። ረጋ ያለች፣ ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ወንበር ስባ ተቀመጠች እንጂ ከላይ ቆማ አልጠየቀችም። ህሊና የነገረቻትን ሁሉ ሰማች፤ ከዚያ ለእናትና ለልጅ በአንድነት ነገረቻቸው።

"ሕመሙ አኖሬክሲያ ነርቮሳ ይባላል። ሰው መወፈርን በጣም ከመፍራቱ የተነሣ ራሱን ያስርባል፤ አጥንቱ ብቻ ቀርቶ እንኳ ወፍራም ሆኖ ይታየዋል።"

ወይዘሮ አስካለች ግራ ገባቸው። "ይኼ የፈረንጅ በሽታ አይደለም እንዴ? እኛ አገር ሰው የሚራበው አጥቶ ነው እኮ። የኔ ልጅ ምን አጣች?"

"ስሙ የፈረንጅ ነው እትዬ፤ በሽታው ግን ፓስፖርት አይጠይቅም። እኛ ጋ የማይታወቀው ስለሌለ አይደለም። አንዳንዱን ጾም ነው እንላለን፣ አንዳንዱን ዓይን፣ አንዳንዱን ጥጋብ። ጥጋብ አይደለም። ሰው የሚገድል ሕመም ነው።"

"ይገድላል?"

"ሰውነት ምግብ ሲያጣ ራሱን መብላት ይጀምራል። መጀመሪያ ስቡን፣ ቀጥሎ ጡንቻውን። ልብም ጡንቻ ነው፤ ለዚህ ነው የህሊና ልብ የደከመው። አጥንት ይሳሳል፣ የወር አበባ ይቆማል፣ ብርድ ይበረታል፣ ምላስ እንኳ ጣዕም መለየት ያቅተዋል። አእምሮም ይራባል። የተራበ አእምሮ ደግሞ ምግብን ከማሰብና ከመፍራት ሌላ ሥራ አይኖረውም።"

እናት የሲስተርን ክንድ ያዙ። "እኔ ነኝ? በአባቷ ሞት ጊዜ አጥብቄያት ነው?"

"ማንም አይደለም እትዬ። ቀሚሱም፣ ጾሙም፣ ኀዘኑም ብቻውን ይኼን አያመጣም። ብዙ ነገር ተደራርቦ ነው። ያመጣውን ስንፈልግ ጊዜ አናጥፋ፤ የሚያድናትን እናውቃለን።"

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ወይዘሮ አስካለች ዶሮ ወጥ በሰሃን አሽገው ይዘው መጡ። ሲስተር ፀደንያ በር ላይ አስቆመቻቸው። "አሁን አይሆንም። ረጅም ጊዜ የተራበ ሰውነት ድንገት ብዙ ምግብ ሲገባበት በደሙ ውስጥ ያለው የጨውና የማዕድን መጠን ይዛባና ልብ ሊቆም ይችላል። በትንሽ በትንሹ ነው፤ ደሟን እየመረመርን።" እናት ሰሃኑን እንደያዙ ቆመው ቀሩ። ልጃቸው በረሃብ እየሞተች ምግብ አትስጧት ሲባል መስማት እንዴት ያለ ነገር ነው! ግን ታዘዙ።

የመጀመሪያው ምግብ አጥሚት ነበር፤ ግማሽ ብርጭቆ። ህሊና ብርጭቆውን ተቀብላ አጠገቧ አስቀመጠችው። "ትንሽ ልረፍና እጠጣዋለሁ።"

"ፍርሃቱ እስኪለቅሽ አትጠብቂ" አለች ሲስተር ፀደንያ። "አይለቅሽም። እየፈራሽ ዋጪ።"

እየፈራች ዋጠች። እያለቀሰች ዋጠች። ግማሽ ብርጭቆ አጥሚት አንድ ሰዓት ፈጀባት። ሲያልቅ ማንም አላጨበጨበም፤ ሲስተር ፀደንያ ብርጭቆውን ተቀብላ፣ "ከሦስት ሰዓት በኋላ እመለሳለሁ" ብቻ አለቻት። በተመለሰችም ጊዜ ህሊና እንደገና ፈራች፤ እንደገናም ዋጠች።

ሦስት ሳምንት አልጋ ላይ ቆይታ ወደ ቤቷ ገባች። ሁሉም ነገር ያለቀ የመሰለው ሰው ካለ ተሳስቷል። አንድ ቅዳሜ እናት ፍራሽ ሲያገላብጡ ከሥሩ የሁለት ሳምንት ዳቦ ደርቆ አገኙ። ተቀመጡ። ሠላሳ ዓመት ሲያስተምሩ ልጆች ሲዋሿቸው በዓይናቸው ብቻ የሚለዩ ሴት፣ የገዛ ልጃቸውን አላወቁም።

"ዋሸሽኝ።"

"እኔ አይደለሁም እማ።" ህሊና ከሆዷ ነው የተናገረችው። "በሽታው ነው። ሲስተር ከራስሽ ለዪው ብላኛለች። ዳቦውን ስትሰጪኝ ደብቂው የሚለኝ እሱ ነው። ልነግርሽ ፈልጌ አፈርኩ።"

ወይዘሮ አስካለች ደረቁን ዳቦ ሰብስበው ወደ ደጅ ወረወሩት። "እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ ውሸታሙ እሱ ነው። እኔና አንቺ ደግሞ አንድ ላይ ነን። ሦስቱንም ማዕድ ፊት ለፊቴ ተቀምጠሽ ትበያለሽ፤ ስትጨርሺ ግማሽ ሰዓት አብረን እናወራለን። ብትሰድቢኝም አልነሣም።"

ሰደበቻቸውም። ማዕድ ላይ ጮኸችባቸው፣ በሩን ዘጋችባቸው። አልተነሡም። መሥሪያ ቤት ደግሞ ጋሽ ባምላኩ አዲስ ደንብ አወጡ፤ ምሳ ሁሉም ሠራተኛ በአንድ ትሪ ይበላል። ምክንያቱን ለማንም አላስረዱም። ህሊናን ከቅምሻ ጠረጴዛ ወደ ቡና መቁያው ክፍል አዛወሯት እንጂ ቦታዋን ለሌላ አልሰጡባትም። "ስኒሽ ይጠብቅሻል" አሏት። በየሳምንቱ ረቡዕ በባጃጅ ወደ ሲስተር ፀደንያ ትሄዳለች፤ ተመዝና፣ ተመርምራ፣ የልቧን አውርታ ትመለሳለች።

ከዚያ ሁዳዴ መጣ። ህሊና ከሁሉ የፈራችው ይህን ነበር። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሲጾም ብቻዋን ልትበላ ነው? በሽታውም ደስ ብሎት በውስጧ ሲያንሾካሹክ ይሰማታል፤ አሁን ማንም አይጠይቅሽም፣ አሁን በነጻነት ትችያለሽ ይላታል። ቀሲስ ዳንኤል ዘንድ ሄደች።

"ዘንድሮ አንቺ አትጾሚም" አሏት ገና አፏን ከመክፈቷ።

"ሰው ምን ይለኛል አባ?"

"የሚልሽን ሰው ወደ እኔ ላኪው። ለታመመ ሰው ጾም አልታዘዘም። ለአንቺ የታዘዘው ሌላ ነው። በሰዓትሽ ትበያለሽ፤ ወተቱንም እንቁላሉንም። መታዘዝ እንደሆነ ከጾሙ የሚከብድ መታዘዝ ሰጥቼሻለሁ፤ እግዜር ያበርታሽ።"

በጾሙ መጀመሪያ ሰኞ ጠዋት ወይዘሮ አስካለች በሕይወታቸው አድርገውት የማያውቁትን አደረጉ፤ በሁዳዴ እንቁላል ጠበሱ። ሽታው ወደ ጎረቤት እንዳይሄድ መስኮት ሊዘጉ እጃቸውን ዘረጉና ተዉት። "ምን አፈርን?" አሉና ወለል አድርገው ከፈቱት። እሳቸው ባዶ አፋቸውን ፊት ለፊቷ ተቀመጡ። ህሊና እንቁላሉን አየችው፤ እናቷን አየች። በላች። አንድም ሳታስቀር በላች። በዚያ ጾም ሃምሳ አምስቱንም ቀን በላች፤ ከዚያ በፊት በጾመቻቸው ዓመታት ሁሉ እንደዚያ ያለ ተጋድሎ አላደረገችም።

መንገዱ ቀጥ ያለ አልነበረም። በሐምሌ ዝናብ እንደገና ተንሸራተተች፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ ምሳዋን እየቀነሰች፣ እየደበቀች ከረመች። ልዩነቱ በሦስተኛው ሳምንት ራሷ ለሲስተር ፀደንያ መደወሏ ነው። "ተመልሶ መጣብኝ" አለቻት። ማንም ሳይዛት፣ ማንም ሳያጋልጣት። ሲስተር ፀደንያ በኋላ ለእናት፣ "ልጅዎ መዳኗን ያወቅሁት ያን ቀን ነው" ብላቸዋለች።

በጥቅምት ጋሽ ባምላኩ የእርሻዎቹን ሁኔታ ሊያዩ ወደ ቴፒ ሲወርዱ ይዘዋት ሄዱ። አንድ ገበሬ ቤት ቀትር ላይ ደረሱና የቤቱ እመቤት ትኩስ የተቀቀለ ጎደሬ ከዳጣ ጋር አቀረበች። ህሊና እንደ ልማዷ ሰዓቷን አክብራ መብላት ጀመረች። ሁለተኛውን ጉርሻ ስታላምጥ ቆም አለች።

"ኮረሪማ!" ብላ ጮኸች።

ሁሉም ደንግጠው አዩዋት።

"ዳጣው ውስጥ ኮረሪማ አለ! ትኩስ ኮረሪማ ነው፣ ዘንድሮ የተለቀመ። ነጭ ሽንኩርት አለው። በሶብላም አለው፣ ግን ትንሽ።" አፏን ይዛ ትስቃለች፣ ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

እመቤቲቱ ግራ ገብቷት፣ "አዎ፣ ሁሉም ሰው እኮ ያደርገዋል" አለች። ጋሽ ባምላኩ ግን ፊታቸውን ወደ ጓሮው አዞሩ። ሲዞሩ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር። ህሊና ጎደሬውን ጨርሳ፣ "ይጨመርልኝ" አለች። እንዲህ ብላ ስትጠይቅ በሁለት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያዋ ነው።

በኅዳር ደግሞ አንድ ጠዋት ሲስተር ፀደንያ ስልክ አነሣች። "ሲስተር! መጣ!" ይላል የህሊና ድምፅ።

"ማን መጣ?"

"እሱ ነዋ! የወር... መጣልኝ!"

ሁለት ሴቶች በስልክ እየሳቁ እልል አሉ።

ከዚያ በኋላ ባለው ዓመት ግንቦት ላይ ሚዛን ተፈሪ ውስጥ የአካባቢው ቡና ውድድር ተዘጋጀ። ገበሬዎች አዳራሹን ሞልተውታል። ፊት ለፊት ረጅም ጠረጴዛ ላይ ናሙናዎቹ ስም ሳይኖራቸው በቁጥር ብቻ ተቀምጠዋል። ከአምስቱ ዳኞች አንዷ ህሊና ናት፤ ጉንጯ ሞልቶ፣ ፀጉሯ አድጎ በሹሩባ ተሠርታለች። ሰብሳቢው ከአዲስ አበባ የመጡ ስመ ጥር ቀማሽ ናቸው።

የመጀመሪያው ዙር ሲያልቅ ሰብሳቢው ከውድድር የሚወጡትን ቁጥሮች አነበቡ። ሠላሳ አንድ ቁጥር ከወጡት አንዱ ሆነ። "ጥፋት የለበትም፤ ግን የሚናገረው ነገር የለውም" አሉ። ሦስቱ ዳኞች ተስማሙ።

ህሊና እጇን አነሣች። "እኔ አልስማማም።"

ጋሽ ባምላኩ ከኋላ ወንበር ሆነው አንገታቸውን አሰገጉ። ያቺ ካልጠየቋት የማትናገር ልጅ ናት!

"ሠላሳ አንድን ሁላችንም ትኩሱን ነው የቀመስነው። ትኩሱ ዝም ይላል፤ እውነት ነው። እኔ ከሥሩ አንድ ነገር አግኝቻለሁ። ቀዝቀዝ ይበልና ይደገም።"

"እርግጠኛ ነሽ?" አሉ ሰብሳቢው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው።

ድሮ ቢሆን ይህ ጥያቄ ብቻ ያንበረክካት ነበር። "እርግጠኛ ነኝ" አለች። "ምላሴን አምነዋለሁ።"

ጠበቁ። አዳራሹ ማጉረምረም ጀመረ። ስኒው ለብ ሲል ሰብሳቢው ማንኪያቸውን ነክረው ሳቡ። ቆም አሉ። ደግመው ሳቡ። ማንኪያውን አስቀምጠው ህሊናን አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። ቡናው ሲበርድ ተከፍቷል፤ የብርቱካን አበባ፣ የጥቁር ማር፣ የበሰለ ኮክ ጣዕም እየተከታተለ ይመጣል። ከተስማሙት ዳኞች አንዷ ቀምሳ "ውይ!" አለች።

በመጨረሻው ዙር ሠላሳ አንድ ቁጥር አንደኛ ወጣ። ፖስታው ተከፍቶ ስሙ ተነበበ፦ ታምሩ፣ ከሸዋ ቤንች። ከኋላ ረድፍ አንድ አጭር ሰው ብድግ አለና ወዲያው ተቀመጠ። ጎረቤቶቹ ደግፈው አነሡት። የጓሮ ቡናውን ከሚስቱ ጋር በእጁ ፍሬ በፍሬ የለቀመ፣ ከመሬት ከፍ ባለ የቡና ማድረቂያ አልጋ ላይ ያደረቀ ገበሬ ነው። ወደ መድረኩ ሲደርስ ዋንጫውን ሳይሆን የዳኞቹን ጠረጴዛ ፈለገ። "ያቺ ተከራከረች የተባለችው የትኛዋ ናት?" አለ። አሳዩት። ህሊና ፊት ቆሞ እጇን ይዞ ወደ ላይ አነሣው።

አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። በዚያ ጩኸት መካከል ከመሐል ረድፍ አንዲት ሴት ወንበር ላይ ወጥተው ቆመው እልልታቸውን ሲያቀልጡት ታዩ። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማያውቁት መምህርት ወይዘሮ አስካለች ነበሩ። የድሮ ተማሪዎቻቸው በመገረም ዞረው ሲያዩአቸው፣ "ምን ታዩኛላችሁ? እልል በሉ እንጂ!" ብለው አዘዟቸው፤ አዳራሹም እንደ ክፍል ልጆች ታዘዘ።